አንዱ አፍንጫዬ የተከፈተ ቀን

የጌታ ሰላም ይብዛላችሁ ወገኖቼ። ዛሬ ከፊታችሁ የቆምሁት ጌታ ያደረገልኝን ልመሰክር ነው። ባለቤቴ ስነሣ "አጭር አድርገው" ብላኛለች፤ እሞክራለሁ። አስቀድሜ ግን ልንገራችሁ፣ ደስ የሚል ምስክርነት አይደለም። ሰው እዚህ ቆሞ ሲናገር መጨረሻው ላይ እልልታ ይጠበቃል። የእኔ እልልታ ያለበት አይመስለኝም። ይሁን እንጂ የሆነው ሆኗል፤ ስሙ ይባረክ።

ብዙዎቻችሁ ታውቁኛላችሁ። እዚሁ እስቴ፣ መካነ ኢየሱስ ከተማ ወፍጮ ቤት ነው የምሠራው፤ እህላችሁን የምፈጨው እኔ ነኝ። ተወልጄ ያደግሁት ግን ጋይንት ነው፣ ከዜማው ደብር ከቤተ ልሔም ብዙም አይርቅም። አባቴ የዜማ መምህር ነበሩ፤ አገሬው የኔታ ነው የሚላቸው። ከእሳቸው ተምረው የወጡ ቀሳውስት እስከ ስማዳ ድረስ ሞልተዋል። እኔም ልጅ ሳለሁ ከተማሪዎቹ ጋር ተቀምጬ ተምሬያለሁ፤ ድምፁ ጥሩ ነው ይሉኝ ነበር። ትምህርቱን ግን አልዘለቅሁበትም፤ ከቤት ወጥቼ የቀን ሥራ ጀመርሁ፣ ከዚያም አረቄ ጀመርሁ።

ጌታን ያገኘሁት ደብረ ታቦር የወፍጮ ተከላ ልሠራ ሄጄ ነው። አብሮኝ የሚሠራ አንድ ወንድም ነበር፤ ጸለየልኝ። ከዚያ ቀን ወዲህ አረቄ በአፌ አልዞረም፤ ጌታ ይመስገን። ወሬው ጋይንት ሲደርስ አባቴ "ያ ሰውየ ቤቴ እንዳይመጣ" አሉ። ከዚያ በኋላ ስሜን አልጠሩም፤ ልጄም አላሉኝም። ስለ እኔ መናገር ሲያስፈልጋቸው "ሰውየው" ነው የሚሉት። እንግዲህ ተመልከቱ ወገኖቼ፤ ስሰክር ልጄ ይሉኝ ነበር፣ አረቄውን ስተው ሰውየው ሆንሁ። አልፈርድባቸውም። እሳቸው ዕድሜያቸውን የሰጡለትን ነገር ትቼ ስሄድ የሚሰማቸውን አሁን ልጆች ሳሳድግ ነው የገባኝ። ቢሆንም ያመኝ ነበር፤ ብዙ ዓመት አሞኛል።

ወደ አፍንጫዬ ልምጣ። አትሳቁ፤ ምስክርነቱ የአፍንጫ ነው።

ነገሩ የጀመረው በበርበሬ ነው። በርበሬ በሚፈጭበት ሰሞን ወፍጮ ቤት የሚውል ሰው አፍንጫ ምን እንደሚሆን እናንተው ገምቱት። አንድ ዓመት ጉንፋን ተጨመረበትና አፍንጫዬ ጥርቅም ብሎ ተዘጋ። መድኃኒት ቤት ሄጄ አፍንጫ ውስጥ የምትረጭ ትንሽ ብልቃጥ ሰጡኝ። ሻጩ "ለጥቂት ቀን ብቻ ነው፣ ከዚያ ተዋት" ብሎኛል፤ አልሰማሁም አልልም። አንዴ ፍስ ሳደርጋት ግን አፍንጫዬ ወለል ብሎ ተከፈተ። ይህን ያየ ሰው እንዴት አድርጎ ይተዋታል?

ከጥቂት ሰዓት በኋላ ተመልሶ ተዘጋ። ደግሜ ረጨሁ። ተከፈተ፣ ተዘጋ፤ ረጨሁ። መጀመሪያ ጠዋትና ማታ ነበር፤ ኋላ ቀኑን ሙሉ ሆነ። እንዲህ እንዲህ እያለ ዓመት አለፈ፣ ሌላም ዓመት አለፈ። ብልቃጧ ኪሴ ውስጥ ሳትኖር ከቤት አልወጣም። ለቅሶ ቤት ይዣት እገባለሁ፤ እዚህም ይዣት እገባ ነበር። ለጸሎት ዓይናችሁን ስትጨፍኑ እኔ እረጭ ነበር። አንዳንድ እህቶች "ያ ወንድም እያነባ ነው የሚጸልየው" ትሉኝ እንደነበር ሰምቻለሁ። እንባ አልነበረም እህቶቼ፤ ጠብታ ነበር።

ማታ ማታ አፌን ከፍቼ ነው የምተኛው። ጉሮሮዬ እንደ ቆዳ ይደርቃል፣ ራሴን ያመኛል። ባለቤቴ ማንኮራፋቴን አልችል ብላ ከልጆቹ ጋር መተኛት ጀመረች። ምግብ ጣዕሙ ጠፋ። ሽታ የሚባል ነገር ከእኔ ከተለየ ቆየ። አንድ ቀን የወፍጮው ቺንጋ፣ ያ የጎማ ቀበቶው፣ እየተቃጠለ፣ እህል ያመጡ ሴቶች ከውጭ "ጭስ! ጭስ!" እያሉ፣ እኔ አጠገቡ ቆሜ እህል እሰፍራለሁ። የወፍጮው ባለቤት "አንተ ሰው፣ አፍንጫ የለህም?" አለኝ።

በመጨረሻ ለወንድሞች ነገርኋቸው። ጸለያችሁልኝ። እኔም በእምነት ብዬ ብልቃጧን መጸዳጃ ቤት ወረወርኋት። ማታውኑ ሁለቱም አፍንጫዬ ተደፈነ። እንደዚያ ተዘግቶ አያውቅም፤ ትራስ በፊቴ ላይ የተጫነብኝ ነው የሚመስለው። ሲነጋ ባለቤቴ ሄዳ ሌላ ገዛችልኝ። ያን ዕለት በልቤ ያልሁትን ልንገራችሁ፤ "ጌታ ከአረቄ አውጥቶኛል፣ ከዚህ ግን አላወጣም አለ" ነው ያልሁት። ለማንም አልተናገርሁም። እንደ ዳነ ሰው ሆኜ መካከላችሁ መቀመጤን ቀጠልሁ፤ ከዚያ በኋላ ያለው ጊዜ ጨለማ ነበር። ስዘምር አፌ ይዘምራል እንጂ ልቤ የለም።

ራስ ምታቱ ሲብስብኝ ደብረ ታቦር ሐኪም ዘንድ ሄድሁ። ዶክተሩ በመብራት አየኝና ብልቃጧን አምጣ አለኝ። አየት አድርጎ "ስንት ጊዜህ ነው በዚህች?" ሲለኝ ነገርሁት። ራሱን ነቀነቀ።

"ወንድሜ፣ አፍንጫህን አሁን የዘጋው በሽታ አይደለም፤ ይኸው መድኃኒት ነው" አለኝ። "ስትረጨው ያበጠው ይሟሽሻል። ኃይሉ ሲያልቅ ከበፊቱ ብሶ ያብጣል። አንተ ትረጫለህ፣ እሱ ያብጣል።"

"ብተወውስ?"

"ይዘጋል። ሳምንት፣ ምናልባትም ከዚያ በላይ ትቸገራለህ። ከዚያ ራሱ ይከፈታል። ሲዘጋ ጊዜ አልዳንሁም ብለህ እንዳትመለስበት። መዳን የምትጀምረው ያኔ ነው።"

ይህን ሲለኝ አንገቴን ደፋሁ። የጸለያችሁልኝ ዕለት ማታ የተዘጋው አፍንጫ እኮ መዳን ጀምሮ ነበር። እኔ ነኝ ጌታ እንቢ አለ ብዬ የሸሸሁት።

ዶክተሩ መላውን ነገረኝ። ሁለቱንም በአንዴ መተው ካቃተህ አንዱን አስቀድም፤ መጀመሪያ ቀኙን ተው፣ ግራውን ለጊዜው እርጭ፣ ቀኙ ሲከፈት ግራውን ተው አለኝ። ፈልቶ በቀዘቀዘ የጨው ውሃ እጠበው አለኝ። ሌላ መርጫም ጻፈልኝ፤ ያኛው ቶሎ አይከፍትም፣ እብጠቱን ቀስ እያለ የሚያበርድ ነው። ሁሉም ገባኝ። ቤቴ ገብቼ አንድ ቀን ሞከርሁ፤ በማግስቱ ግን እጄ ራሱ ወደ ኪሴ ገባ። ማወቅና መቻል ለየቅል ነው ወገኖቼ።

ታላቅ እህቴ የደወለችው በዚህ መካከል ነው። ሁላችንም እታለም ነው የምንላት፤ ከአባታችን ጋር የቀረችው እሷ ናት። "አባባ ጠንቶባቸዋል። እኔ ብቻዬን ማንሣት አቃተኝ። ቢቆጡም ይቆጡ፣ ና" አለችኝ።

ነሐሴ ነበር፤ ፍልሰታ ገብቷል። በደብረ ታቦር በኩል ዞሬ፣ ከአውቶቡስ ወርጄ ጭቃውን በእግሬ ሄጄ ደረስሁ። አባቴ መደብ ላይ ተኝተዋል። ዓይናቸው ከፈዘዘ ቆይቷል፤ ሰው የሚለዩት በድምፅ ነው። "እንዴት ሰነበቱ አባባ" አልሁ።

"ይህ በአፍንጫው የሚያነበንብ ማነው?" አሉ።

"ልጅዎ ነው አባባ፣ ከእስቴ መጣ" አለች እታለም።

"ሰውየው ነው?" አሉ። ቀጥለውም "የሰውየው ድምፅ እንዲህ አልነበረም" አሉ። ውጣ ግን አላሉኝም፤ የሚያነሣቸው ሰው ያስፈልግ ነበር።

ስኳር ነበረባቸው፤ እግራቸው ከቁርጭምጭሚቱ በታች ቆስሏል። ሐኪም ይቆረጥ ሲላቸው "እግሬን አስቀድሜ አልቀብርም" ብለው ወደ ቤታቸው ተመልሰዋል። ከጤና ጣቢያ እየመጣ ቁስሉን የሚያይ ነበር፤ እሱ በማይመጣበት ቀን እኛው እንድናጥብ አሳይቶናል። ይህን እኔ ያዝሁት። ውሃ በጨው ይፈላል፤ ከመነካቱ በፊት በጣሳ ቀንሼ ለአፍንጫዬ አስቀራለሁ፣ በቀረው የእሳቸውን እግር አጥባለሁ። ማታም እግራቸው ሥር ቆዳ አንጥፌ እተኛለሁ።

አንድ ነገር ግን ያናድደኝ ነበር። ጠያቂ ይመጣል፤ የኔታን የማያውቅ የለማ። ይመጣና ከደጅ ሆኖ "እግዜር ይማርዎ የኔታ" ይላል፣ ይመለሳል። ገፋ ያለው ገባ ብሎ በሩ አጠገብ ትንሽ ይቀመጣል፤ ዓይኑ ውጭ ውጭውን ነው። ተማሪዎቻቸው ሳይቀሩ ደጅ ሆነው ነው የሚያዜሙላቸው። እኔ ምን አልሁ? በእኔ ምክንያት ነው አልሁ። ጴንጤው ውስጥ ተቀምጧል ብለው ነው አልሁ። አባቴን በመጨረሻ ዘመናቸው ሰው ያሳጣኋቸው እኔ ነኝ ብዬ ልቤ ደማ። አንድ ጊዜ ለእታለም "ልሂድ መሰለኝ፤ ሰው እኮ በእኔ የተነሣ ሸሸ" ብላት ትኩር ብላ አየችኝና ወደ ጓዳ ገባች። እሷም አፍንጫዋ ውስጥ ጤና አዳም ወትፋ ነበር የምትውለው። ጉንፋን ይዟት መስሎኝ አዘንሁላት።

የአፍንጫዬን ነገር አባቴ ያወቁት በጆሯቸው ነው። አንድ ቀን ረፋድ ላይ ብልቃጧን ፍስ ሳደርግ ሰሙ።

"ምንድን ነው እሱ?"

"መድኃኒት ነው አባባ፤ አፍንጫዬ እየተዘጋ አስቸግሮኝ ነው።"

"ጉሮሮህ ይደርሳል?"

"ይደርሳል፣ ይመራል።"

"እንግዲያ ጾምህን ገደፍህ" አሉኝ።

ወገኖቼ፣ ይህን ሕግ ከየት እንዳመጡት አላውቅም። የትም ተጽፎ አላየሁም፤ እኛ ዘንድማ ፍልሰታም የለ። ግን በዚያ ቤት ዘጠኝ ሰዓት ሳይሆን ምግብ አይቀርብም፤ ሳልወድ ጿሚ ሆኛለሁ። "ለታመመ ይፈቀዳል" አልኋቸው።

"የታመምሁት እኔ ነኝ፤ እኔ አልገደፍሁም። ቤቴ እስካለህ ድረስ አትገድፍ።"

ብልቃጧ ተመለሰች ወደ ኪሴ። በዶክተር ቃል ያልቻልሁትን፣ በጸሎት ጀምሬ የሸሸሁትን፣ በአባቴ ቤት በአባቴ ቃል ዋልሁ። ለምን እንደሆነ ጠይቃችሁኝ ነበር አንዳንዶቻችሁ። ቀላል ነው፤ ትእዛዝ የሚሰጠው ለልጅ ነው። ለእንግዳ አትገድፍ አይባልም። ከሰውየውነት ትንሽ ዝቅ ያልሁ፣ ወደ ልጅነት የቀረብሁ መሰለኝ፤ ያን ማጣት አልፈለግሁም።

ቀን አልረጭም። ማታ፣ እንደ ዶክተሩ ቃል፣ ግራውን ብቻ። ቀኙን ጭራሹን ተውሁት። መከራ ነበር፤ አላጋንንም። ዝናቡ ውጭ ይወርዳል፣ እኔ አፌን ከፍቼ እንደ ዓሣ አየር እጎርሳለሁ፣ ራሴ ይፈርጣል። ጌታ ሆይ አንተም እዚህ አለህ ወይ እላለሁ። የማውቀው ሲዘጋ መዳን መጀመሩን ብቻ ነው፤ እሱን ይዤ ሰነበትሁ።

በዚያ ሰሞን አባቴ እየለዘቡ መጡ። አንድ ማለዳ እግራቸውን እያጠብሁ ሳለ እንዲህ አሉ፦ "ሰው ሁሉ ከደጅ ነው የሚመለሰው። ያስተማርኋቸው እንኳ አይገቡም። አልፈርድባቸውም። አንተ ግን እግሬ ሥር ትበላለህ፣ እግሬ ሥር ትተኛለህ። እምነትህን አልወደድሁትም፤ አልወደውምም። ግን እንዲህ ያለ ሰው ሳይመረቅ አይቀርም። ፍልሰታ ሲፈታ ንስሐ አባቴ ይመጣሉ፤ በፊታቸው እመርቅሃለሁ።"

ወገኖቼ፣ ምርቃት ለእኛ አገር ሰው ምን እንደሆነ አልነግራችሁም። አባት ሳይመርቀው የቀረ ልጅ ቢያገኝም አይበረክትለትም እየተባልን ያደግን ነን። እኔ በረከቴ ከጌታ ነው ብዬ ስንት ጊዜ ሰብኬያለሁ፤ ሆኖም ያን ቀን ፊቴን አዙሬ አለቀስሁ። አባባ ለምን እንዲህ እንዳሉ፣ ሰው ከደጅ ለምን እንደሚመለስ ግን አልጠየቅሁም። አሁንም በእኔ ምክንያት ነው ብዬ አምን ነበር።

ከዚያ ጥቂት ቀን ቆይቶ ፍልሰታ ሊፈታ ሲል፣ ጠዋት ነቃሁ። አፌ ተዘግቷል። እንዴት ነው የምተነፍሰው አልሁ። ቀኙ አፍንጫዬ ተከፍቷል። ያለ ጠብታ፣ በራሱ፣ አየር ይገባል ይወጣል። "ጌታ ሆይ ስምህ ይባረክ" ልል አንድ ጊዜ በደንብ ሳብሁ።

ያን ጊዜ ሸተተኝ።

እንዴት ልንገራችሁ። የሞተ ከብት ዝናብ ሲመታው የሚሸት ሽታ ነው። ከአጠገቤ ነው፣ ከመደቡ ላይ ነው፣ ከምተኛበት ቆዳ ላይ ነው፣ ከራሴ እጅ ላይ ነው። የአባቴ እግር ነበር። ብድግ ብዬ ወጣሁና ከአጥሩ ሥር ሆዴ ውስጥ ያለው ሁሉ ወጣ።

እታለም ተከትላኝ መጣች። "ምን ሆንህ?" አለችኝ።

"ምንድን ነው የሚሸተው?"

ቆማ አየችኝ። "ዛሬ ገና?" አለች። "ያን ሁሉ ቀን አይሸትህም ነበር?"

"አፍንጫዬ ዝግ ነበር እታለም።"

ድንጋይ ላይ ተቀመጠች። መጀመሪያ ሳቀች፣ ከዚያ ማልቀስ ጀመረች። "እኛ ስንወጣ ስናስታውክ፣ ተማሪዎቻቸው እንኳ አልቻልንም ሲሉ፣ አንተ ያለ ምንም መሸፈኛ ጎንበስ ብለህ ስታጥብ ሳይ፣ ይህንስ የያዘው ጌታ ነው የረዳው ስል ነበር። ለሰውም ነግሬያለሁ። በልቤ እንዲያውም…" ብላ ተወችው። ምን ልትል እንደነበር አልነገረችኝም፤ እስከ ዛሬም አልጠየቅኋትም። ነገር ግን ወገኖቼ፣ ስንት ዓመት ስጸልይላት የኖርሁ እህቴ ናት። ልቧን የነካው ምስክርነቴ የተደፈነ አፍንጫ ሆኖ ተገኘ።

ጠያቂው ከደጅ የሚመለሰው በእኔ ምክንያት አልነበረም። ይህ ደስ ሊለኝ ይገባ ነበር፤ አላለኝም። አባቴ ሊመርቁኝ የተነሡት ላልነበረኝ ፍቅር ነው። እታለም እንባዋን ጠርጋ "አትንገራቸው። በዚህ ደስ ብሏቸዋል፤ ደስ እንዳላቸው ይሂዱ" አለችኝ። እውነቷን ነው፤ ክፋት አልነበረውም። ዝናቡ ውስጥ ቆሜ ብዙ አሰብሁ። ዝም ብል ምርቃቱ ይደርሰኛል፤ ግን የተመረቀው ሌላ ሰው ነው የሚሆነው፣ እኔ አይደለሁም። ብናገር ደግሞ የሚሞት ሽማግሌ ከእሱ ያልሸሸ አንድ ሰው ነበረው፤ ያንን እነጥቀዋለሁ። ጌታ ሆይ የቱ ነው አልሁ። እግሬ ወደ ቤት ወሰደኝ።

ገባሁና "አባባ፣ አፍንጫዬ ተከፈተ" አልሁ።

"ድምፅህ ተለውጧል" አሉ።

"እስከ ዛሬ ሽታ አይሸተኝም ነበር። እግርዎ እንደሚሸት አላወቅሁም። ቢሸተኝ ኖሮ ምን አደርግ እንደነበር አላውቅም፤ የተቀመጥሁት ስላልሸተተኝ ነው።"

ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ። በመናገሬ ተጸጸትሁ። ሳይዞሩ "እንግዲያ አንድም ሰው አልነበረም ማለት ነው" አሉ። ይህችን ቃል ወገኖቼ፣ ጌታ እስኪጠራኝ አልረሳትም።

ከዚያ "ዛሬስ ይሸትሃል?" አሉኝ።

"ይሸተኛል።"

"እጠበኝ።"

ውሃውን አመጣሁ። ጨርቁን ስፈታ የመጣውን አልነግራችሁም። አፌን በክንዴ እይዛለሁ፣ ያቅለሸልሸኛል፣ እመለሳለሁ፤ እንባዬ ቁስሉ ላይ ይንጠባጠባል። አባቴ ሁሉንም ይሰማሉ። እንዳልሰማ እንኳ አልሆኑልኝም። አንድ ጊዜ "ውጣና ተንፍስ" አሉኝ፤ አልወጣሁም። ጨርሼ አዲሱን ጨርቅ አሰርሁ። ለማጠብ ብዙ ጊዜ የማይፈጅብኝ እግር ያን ዕለት ረፋዱን ፈጀብኝ።

ፍልሰታ ሲፈታ ንስሐ አባታቸው መጡ፤ በሩ አጠገብ ቆሙ። "የኔታ፣ ልጅዎን ሊመርቁ ነው ብለው ልከውብኝ ነበር" አሉ። እኔ እግራቸው ሥር ተቀምጫለሁ። አባቴ ፊታቸውን ወደ በሩ መልሰው ቄሱን "አባቴ፣ ምርቃቱ ትንሽ ይቆይ" አሉ። "ልጄ ገና አሁን ነው የመጣ።"

ልጄ አሉ። አልተሳሳትሁም፤ እታለምም ሰምታለች።

ከዚያ በኋላ ብዙ አልቆዩም። በየዕለቱ አጠብኋቸው፤ በየዕለቱ አቅለሸለሸኝ። ለምጄው ነበር ብላችሁ ውሸት ይሆናል። ምርቃቱ ሳይደርስ አንድ ከሰዓት በኋላ፣ እጃቸው እጄ ላይ እንዳለ አለፉ። በቀብራቸው ተማሪዎቻቸው አዜሙ፤ እኔ ከኋላ፣ ከቅጥሩ ጥግ ቆሜ ነበር። ማንም ሂድ አላለኝም፣ ማንም ና አላለኝም። የእርጥብ አፈሩ ሽታ ሁሉ ይመጣልኝ ነበር። ግራው አፍንጫዬም ከለቅሶው በኋላ በራሱ ተከፈተ። ብልቃጧን እዚያው ከጋይንት ሳልመለስ ጣልኋት፤ ከዚያ ወዲህ ገዝቼ አላውቅም። የዶክተሩን መርጫ ጥቂት ጊዜ ወሰድሁ፤ በርበሬ ስፈጭ አሁን አፍንጫዬን በጨርቅ አስራለሁ፣ ማታ በጨው ውሃ እታጠባለሁ። ባለቤቴም ወደ አልጋችን ተመልሳለች፤ ጌታ ይመስገን።

እንግዲህ ምስክርነቴ ይኸው ነው። ብዙ ሌሊት ለምን አባባን ዝም ብዬ አላስደሰትኋቸውም እላለሁ፤ ያዝናል ልቤ፣ አሁንም። ጌታን ግን አመሰግናለሁ። ሲዘጋብኝ እየዳንሁ እንደነበር አሳይቶኛል፤ ባልሠራሁት ሥራ ሳይሆን በሠራሁት ልጅ ተብያለሁ።

ከመካከላችሁ እንደ እኔ ብልቃጥ በኪሱ የያዘ ካለ፣ አትፈር፤ ሐኪም ዘንድ ሂድ፣ እኔም አብሬህ እሄዳለሁ። አፍንጫ ብቻም አይደለም፤ የተዘጋባችሁ ነገር ያላችሁ ሁሉ በጌታ ታመኑ። እሱ ይከፍታል። ሲከፍት ግን መጀመሪያ የሚገባው መልካም መዓዛ ነው ብዬ አልዋሻችሁም፤ የገዛ ቤታችሁ፣ የገዛ አባታችሁ ቁስል ሊሆን ይችላል። ያን ጊዜ ተነሥታችሁ እንዳትወጡ። ቁጭ በሉና እጠቡ።